ከወረቀቱ ሥር ያለው ዋጋ

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሣህሉ፣ ለእኅቴ ለሥርጉት ልጅ፤

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ጭቃና ያንን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ከደጅህ ይድረስ። የአያትህ የወለተ ሩፋኤል አምላክ በሰው አገር አይለይህ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ።

እናትህ አድራሻህን ከአንበሳሜ በሰው እጅ ላከችልኝና፣ ልጄ ቢደውልልሽም አትሰሚውም፣ እስቲ አንቺ ጻፊለት አለችኝ። እውነቷን ነው። ግራ ጆሮዬ ከተዘጋ አራት ዓመት ሆነው፤ ቀኙም ዘንድሮ ተከተለው። የማውቀው ሰው ቀስ ብሎ ሲናገር ከንፈሩን አነባለሁ እንጂ ድምፁ ከውኃ ሥር እንደሚመጣ ነው የሚሆንብኝ። አንተን ያየሁህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአያትህ ተዝካር ላይ ነው፤ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርህ። እናትህና እኔ የእኅትማማች ልጆች ነን። ስለዚህ ብትወድም ባትወድም አክስትህ ነኝ።

ሥራዬን ታውቅ እንደሆነ እንጃ። ከድልድዩ ወዲያ፣ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። የሌላ ሰው ስሕተት ሳድን ሃያ ስድስት ዓመት ኖርሁ። የገዳማቱን ድርሳንና ገድል፣ የሠርጉን ጥሪ፣ የዕድሩን ደረሰኝ አንብቤ «ይታተም» ብዬ ካልፈረምሁበት ማተሚያው አይነሣም። ለዚህ ሥራ ጆሮ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው እግር ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ባጃጆቹ ዐመል አውጥተዋል። ብራ ሲሆን ታሪፉ ዐሥራ አምስት ብር ነው፤ ማካፋት ሲጀምር ሠላሳ ይሆናል፤ ዶፍ ከወረደማ ሁሉም «ኮንትራት ካልሆነ» ባይ ናቸው። ባለፈው ሰኞ አንዱ ድልድዩ መካከል ላይ ስንደርስ ዞሮ የሆነ ነገር ነገረኝ። ዋጋ መጨመሩ ኖሯል። ዝም ስለው የተስማማሁ መስሎታል። ስወርድ ያንኑ ዐሥራ አምስት ብር ብሰጠው አፉን ከፍቶ ጮኸ። ጩኸት እኔን ምን ያደርገኛል? ጃንጥላዬን ዘርግቼ ሄድሁ።

የጻፍሁልህ ግን ስለዚህ አይደለም። በዚያው ቀን ከሥራ ስመለስ መንገዴ ላይ ካለው ሱፐርማርኬት ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ዘይቱ 1,290 ብር ይላል። ከካሸሯ ዘንድ ስደርስ ማሽኑ ላይ የወጣው 1,483 ከሃምሳ ነው። ተመልሼ ሄጄ የዋጋውን ወረቀት ከመደርደሪያው ነቅዬ አመጣሁና ፊቷ አስቀመጥሁት። ትከሻዋን ሰበቀች። ከረባት ያሰረ ሥራ አስኪያጅ ተጠራ። ብዙ ተናገረ። አልሰማምና ጻፍልኝ አልሁት። በደረሰኝ ጀርባ «ዋጋው ቫትን አያካትተም» ብሎ ጻፈ። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ «አያካትትም» ብዬ አረምሁለትና፣ ታዲያ ይህ መደርደሪያው ላይ ለምን አልተጻፈም ብዬ ጠየቅሁት። «ሁሉም ሰው ያውቃል» ብሎ ጻፈ።

እኔ የማምነው የተጻፈውን ነው፣ ሣህሉ። ሌላ የማምነው ነገር አልቀረልኝም። ሰው በጆሮው «በዚህ ላይ ይህን ያህል ጨምሪ» ሲባል ይሰማል፤ እኔ ያለኝ ወረቀቱ ነው። ዘይቱን ትቼላቸው ወጣሁ።

አንተ እዚያ በሱፐርማርኬት እንደምትሠራ እናትህ ነግራኛለች። እናንተ ዘንድ ወረቀቱና ማሽኑ ሲጣሉ ማን ያሸንፋል? ይህን ብቻ ጻፍልኝ። ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለኝም።

አክስትህ የብርጓል


ኡሜዮ፣ ስዊድን
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የብርጓል፤

ባሉበት ሰላምና ጤና እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለእናቴ ከምነግራት ትንሽ ዝቅ ብዬ፣ ግን ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእጅ የተጻፈ አማርኛ ካየሁ ስንት ዓመቴ ነው። ስለ ጆሮዎ በጣም አዘንኩ። እንዲህ መሆኑን እናቴ አልነገረችኝም ነበር።

ስለ ሱፐርማርኬቱ ግን ባይናደዱ ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የትም አለ። ለመቶና ለሁለት መቶ ብር ከልጆች ጋር እየተጨቃጨቁ ጤናዎን አይጉዱ። ዘይቱን ሌላ ቦታ ይግዙ። በእናቴ በኩል ትንሽ ገንዘብ ልኬልዎታለሁ፤ ለክረምቱ አንድ የሚያምኑትን ባጃጅ በወር ኮንትራት ይያዙበት። በዚህ ዝናብ ድልድዩን በእግርዎ እንዲሻገሩ አልፈልግም።

የእኔ ሥራ ደህና ነው። ዕቃ እደረድራለሁ፤ አንዳንድ ነገር እለጥፋለሁ። አሁን እዚህ በጋ ነው፤ ፀሐይዋ ዘግይታ ነው የምትጠልቀው። ወደ ሥራ በብስክሌት እሄዳለሁ። ክረምት ሲመጣ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

እግዚአብሔር ይጠብቅዎ።

ልጅዎ ሣህሉ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሣህሉ፤

ዕለቱ ቅዱስ ሩፋኤል ነው፤ የአያትህ ስም ያለበት። ዛሬ የሚዘንበው ጠበል ነውና በሩቅ ሆነህም አንድ ጠብታ ይድረስህ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አራት ስሕተት አገኘሁበት። ሁለቱ የፊደል ናቸው። አንዱ «አነበብኩ» ማለትህ ነው፤ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ብትቀመጥ የአገርህን «አነበብሁ» ጣልኸው፣ እሱንስ ይሁን። አራተኛው ጥያቄዬን መዝለልህ ነው።

ገንዘቡን ለእናትህ መለስሁላት። አትቀየም። የጻፍሁልህ ባጃጅ መያዝ አቅቶኝ አይደለም። ክረምቱን ድልድዩን በእግሬ ነው የተሻገርሁት። ዓባይ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ጃንጥላዬን ነፋስ ሁለት ጊዜ ገልብጦብኛል፤ ባጃጆቹ እያለፉ ጭቃ ይረጩኛል። እንዲህም ሆኖ ከምሽቱ የባጃጅ ሰልፍ ቀድሜ ነበር ቤቴ የምገባው።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ነሐሴ 24 ቀን የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ አንድ በራሪ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። የዚያው ሱፐርማርኬት ነው፤ ደንበኛችን መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም። «የአዲስ ዓመት ታላቅ ቅናሽ» ይላል። አርባ ዕቃ ተዘርዝሯል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የተሰረዘ ዋጋ፣ ከሥሩ አንድ ቀይ ዋጋ። ዘይቱን ፈለግሁት። የተሰረዘው 1,690፣ ቀዩ 1,490። ይህ ዘይት በሐምሌ ከእነ ቫቱ 1,483 ከሃምሳ ነበር። እንግዲህ ቅናሽ ተብሎ ስድስት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ተጨምሮበታል።

ዐሥራ ሁለት ቦታ ላይ በቀይ «ይህ ዋጋ መቼ ነበር?» ብዬ ጻፍሁና መለስሁላቸው። አቶ ወልደ ሐዋርያት ክፉ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ በቁራጭ ወረቀት እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «የብርጓል፣ አንቺ የምታርሚው ፊደል ነው፤ ዋጋ አይደለም።»

«ውሸት ፊደሉ ሲስተካከል ይብስበታል» ብዬ መለስሁላቸው።

«ደንበኛችን ነው። ፈርሚ» አሉ።

አልፈረምሁም። ራሳቸው ፈረሙበትና ታተመ። እኔን እስከ መስቀል ዕረፍት ውሰጂ አሉኝ፤ ዕረፍት ማለታቸው ምን እንደሆነ ሁለታችንም አውቀነዋል። እስክሪብቶዎቼን በመሐረብ ጠቅልዬ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ፣ በጃንጥላዬ ሥር ቆምሁ። በራሪ ወረቀቱን ይዤ የሚገባውን ሰው ሁሉ፣ ይህን ዘይት በ1,690 ገዝቶ የሚያውቅ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። መጀመሪያ የምለምን መስሏቸው ሳንቲም ሊሰጡኝ የፈለጉ ነበሩ። ኋላ ከጎን ያለው የጨርቅ መደብር ባለቤት፣ ሸምሲያ የምትባል፣ ወጥታ አነበበችው። ተመልሳ ገባችና ከመሳቢያዋ የሐምሌን ደረሰኝ ይዛ መጣች። ከዚያው ሱፐርማርኬት፣ ያው ዘይት፣ 1,483 ከሃምሳ። ደረሰኙን በራሪ ወረቀቱ ጎን ይዛ ከአጠገቤ ቆመች። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። የሚሉትን አልሰማሁም፤ ከንፈራቸው ግን ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጥበቃውን ላከብኝ። ጥበቃው ሽማግሌ ነው፤ ክንዴን ሲይዘኝ አፍሯል። ከእንግዲህ እዚያ እንዳልገባ ተከልክያለሁ።

እኔ አልጨነቀኝም። የጨነቀኝ አንተ መልስ አለመስጠትህ ነው። አሁንም እጠብቃለሁ።

አዲሱ ዓመት የምታፍርበትን ነገር አያሳይህ።

አክስትህ የብርጓል


ኡሜዮ
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የብርጓል፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩበትን ቦታ ለአንድ በራሪ ወረቀት ብለው ጣሉት? ያ ወረቀት እኮ በሳምንቱ ዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጆሮ ማን ይቀጥርዎታል? አቶ ወልደ ሐዋርያት ክፉ ሰው አይደሉም ካሉ ሄደው ያነጋግሯቸው። ይቅርታ ይጠይቁና ይፈርሙ። ምን ችግር አለው? ሰው ሁሉ ይፈርማል። እኔም ————————————

ገንዘቡን በመመለስዎ ተቀይሜያለሁ። እንደገና ልኬያለሁ፤ አሁን የሚያስፈልግዎ ይመስለኛል።

እዚህ ብርዱ ጀምሯል። ብስክሌቱን አስቀምጬ አውቶቡስ ጀምሬያለሁ።

ሣህሉ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሣህሉ፤

በቤትህም በመንገድህም ሰላም ይሁን።

ደብዳቤህ የዘገየው በማተሚያ ቤቱ የፖስታ ሣጥን ስለሚመጣ ነው። እኔ አልነበርሁምና እዚያው ተቀምጦ ቆየ። ባይደርሰኝ ይሻል ነበር ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አሰብሁ። «በዚህ ጆሮ» ብለሃል። የጻፍኸው በትክክል ስለሆነ የማርመው አላገኘሁበትም።

ይቅርታ አልጠየቅሁም። ጥቅምትን ሙሉ ቤቴ ተቀመጥሁ። የሰፈር ልጆችን ንባብ አስተማርሁ፤ የጎረቤቶቼን የቤት ኪራይ ውል አነበብሁ። ገንዘብህን እንደገና ለእናትህ ሰጠሁ። ሽሮና በርበሬ አላጣሁም።

ከዚያ ያላሰብሁት ሆነ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የሚባሉ አዛውንት ከጣና ደሴቶች በአንዱ ያስተምራሉ። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ አንድ መጽሐፍ ለማሳተም በጀልባ ይመጣሉ። ዘንድሮም ብራናውን በላስቲክ ጠቅልለው መጥተው ማተሚያ ቤቱ ገቡና እኔን ጠየቁ። ዕረፍት ላይ ናት ተባሉ። ምክንያቱን ከሠራተኞቹ ሰሙ። ብራናውን መልሰው ጠቀለሉትና፣ ዋጋን ያላሳለፈች ዐይን ቃሉንም አታሳልፍምና እሷ እስክትመለስ ይቆያል ብለው ወጡ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው አቶ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። መሪጌታው የተናገሩት ለካ ከሌሎቹም ደብሮች ዘንድ ደርሶ፣ ሁለት መጽሐፍ ደግሞ ሳይመጣ ቀረ።

አቶ ወልደ ሐዋርያት ዓባይ ማዶ ድረስ መጡ። በር ላይ ቆመው «ነገ ነይ» ብለው ጻፉ። የበራሪ ወረቀቱስ ነገር ብዬ ጠየቅሁ። «እሱን ወደ አንቺ አላመጣውም፤ ሌላ ሰው ያየዋል» ብለው ጻፉ። ወረቀቱን ተቀብዬ ከሥሩ «ወይ ሁሉን አነባለሁ፣ ወይ አንዱንም አላነብም» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በገባሁ በሳምንቱ የገና በራሪ ወረቀት መጣ። ዘጠኝ ዋጋ ሰረዝሁ። ሱፐርማርኬቱ ወረቀቱን ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት ወሰደ። አቶ ወልደ ሐዋርያት ሁለት ቀን ሰላም አላሉኝም። በሦስተኛው ቀን መሪጌታው በጀልባ ተመልሰው መጡ፤ ብራናው አሁን ከፊቴ አለ።

እንዳይመስልህ፣ ዋጋው አንድ ሳንቲም አልወረደም። ነገር ግን ሸምሲያና ሴቶቹ በየቀኑ እየገቡ ስለጠየቁ አሁን በየመደርደሪያው «ቫትን ጨምሮ» የሚል ተጽፏል። የተጻፈው የሚከፈለው ሆኗል። ይህን የነገረችኝ ሸምሲያ ናት፤ እኔ ገና እንደተከለከልሁ ነኝ።

አሁን ወደ አንተ። «እኔም» ካልህ በኋላ አንድ መስመር ሰርዘሃል። መሰረዝ የእኔ ሥራ ነው፣ ልጄ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አነበብሁት። «እኔም እዚህ በየሳምንቱ እንዲህ ያለውን እለጥፋለሁ» ይላል።

አልፈርድብህም። ሐምሌ ላይ የጠየቅሁህን ግን አሁን መልሰህልኛል።

አክስትህ የብርጓል


ኡሜዮ
ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የብርጓል፤

ጤናዎ እንደ ቃልዎ የጸና ይሁን።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። ስለ ጆሮዎ የጻፍኩትን ይቅር ይበሉኝ። የፈራሁት ለእርስዎ አልነበረም።

እውነቱ ይኸው። ሥራዬ መለጠፍ ነው። በየሰኞው አንድ ክምር ቢጫ ወረቀት ይሰጠኛል። የዛሬው ዋጋ በትልቁ፣ «የነበረው» ዋጋ በትንሹ ተጽፎበታል። ብዙው እውነት ነው። አንዳንዱ ዕቃ ግን «ነበር» በተባለው ዋጋ አንድ ቀን እንኳ አልተሸጠም። እኔ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ያለፈውን ሳምንት ወረቀት የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። የድሮውን ሳታነሳ በላዩ ለጥፍ ይሉኛል፤ እለጥፋለሁ። ስድስት ዓመት። ጥያቄዎን የዘለልኩት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። እዚህ ወረቀቱና ማሽኑ አይጣሉም። የሚዋሹት ተስማምተው ነው።

ጥር 4 ቀን ሰኞ ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ነበር። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ያለው ሰሌዳ «5 ደቂቃ» ይላል። አምስት ደቂቃ አልፎ «12 ደቂቃ» አለ። አርባ ደቂቃ ቆሜ ጣቶቼ ሲደነዝዙ «ተሰርዟል» አለ። በእግሬ ተነሳሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። የዐይኔ ሽፋሽፍት በረዶ ሠርቶ ይጣበቃል፤ በመሐረብ እየያዝኩ አላቅቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ ሁለተኛው በግራ እጄ ላይ ነው። እርስዎ በየቀኑ ድልድዩን በጃንጥላ ሲሻገሩ እያሰብኩ ነበር የምሄደው። እውነቱን ለመናገር እየተናደድኩብዎት ነበር።

ስደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቻለሁ። አለቃዬ ሰዓቷን አየች፤ ከደመወዜ እንደሚቆረጥ ነገረችኝ። ከዚያ ቢጫዎቹን ወረቀቶች ሰጠችኝ።

ቅቤው ጋ ስደርስ አንዲት አሮጊት መጡ። ሁልጊዜ የሚመጡ ናቸው፤ በበረዶ ላይ የሚገፋ ወንበር አለቻቸው፣ በር ላይ አቁመዋት ይገባሉ። የለጠፍኩትን ወረቀት በጣታቸው ነካ አድርገው፣ በእውነት ረክሷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሁልጊዜ «አዎ» ነው የምለው። የዚያን ቀን አፌ እንቢ አለኝ። ቢጫውን ወረቀት አነሳሁና ከሥሩ ያለውን ያለፈውን ሳምንት ዋጋ አሳየኋቸው። ከዛሬው ጋር ያው ቁጥር ነው። አሮጊቷ መነጽራቸውን አውጥተው ሁለቱን አስተያዩ። ቅቤውን መልሰው አስቀመጡ፤ ከኋላቸው ለነበረ ሰውም ጠርተው አሳዩት። እኔም ቀጣዩን አነሳሁ። ከዚያም ቀጣዩን።

አለቃዬ ቢሮ ጠራችኝ። ስህተት የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ወረቀቶቹን ያምታታሁትም እኔ እንደሆንኩ የሚል አንድ ገጽ ጽፋ እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

«አልፈርምም» አልኳት። በስዊድንኛ ነው የነገርኳት፤ እስክሪብቶውን መልሼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

ከየካቲት ጀምሮ የሥራ ሰዓቴ በግማሽ ይቀንሳል። የምሠራበትም ከከተማው ዳር ወዳለ ቅርንጫፍ ተዛውሯል፤ እዚያ አውቶቡሱ በሰዓት አንድ ጊዜ ነው፣ ከመጣ። ለሠራተኛ ማኅበሩ አመልክቻለሁ። ምን እንደሚሉ አላውቅም። አልጸጸተኝም ብል ውሸት ነው፤ አንዳንድ ጠዋት ይጸጽተኛል። ግን ለእርስዎ ስጽፍ የምሰርዘው መስመር የለኝም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። እስከ ዛሬ ገንዘብ ይቀበሉኝ ብዬ ስለምን ነበር፤ አሁን የምለምነው ሌላ ነው። እናቴ የአንበሳሜውን ቤት አፍርሳ እንደገና እያሠራች ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ የለበሰው ግማሹ ነው። ከሰኔ በፊት እጨርስልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። አልችልም። ዘንድሮ አልችልም። ስደውልላት ድምፅዋን ስሰማ «ሁሉ ደህና ነው» እላለሁ። ሦስት ጊዜ ዋሸኋት። እርስዎ ሄደው ይንገሩልኝ። እርስዎ ሲናገሩ አይቀንሱም፣ አይጨምሩም።

ልጅዎ ሣህሉ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
መጋቢት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሣህሉ፤

የወደቅህበትን እጅህን እግዚአብሔር ይዳብስልህ። አጥንቱ ደኅና መሆኑን አልጻፍህም፤ ሐኪም ይየው።

መንገዱ ተዘግቶ አራት ቀን ጠበቅሁ። በተከፈተ ዕለት ማለዳ አንበሳሜ ሄድሁ። እናትህ ጾሙን ከያዘች ወዲህ ከስታለች፤ ጉልበቷ ግን እንዳለ ነው። ሥራውን ከሚሠራላት ከአናጢው ከተክለ ጊዮርጊስ ጋር ግቢው ውስጥ ቆማ ቆርቆሮ ታስቆጥራለች። እኔን ስታይ ደስ አላትና ምሳ አቀረበች። ከመብላቴ በፊት ነገርኋት። አልቀነስሁም፣ አልጨመርሁም፤ ሦስቱንም ውሸትህን ነገርኋት።

ከዚያ ጀርባዋን አዞረችብኝ። እናትህ ስትቆጣኝ እንዲህ ናት፤ ከንፈሯን እንዳላነብባት ትዞራለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ትናገር ወይ ታልቅስ አላወቅሁም። ቆይታ ዞረችና እንዳነብባት ቀስ እያለች፣ በልጄ ቤት ላይ እሳት የለኮስሽው አንቺ ነሽ አለችኝ። የአንቺ ቤት አያፈስም፣ ለአንቺ እውነት መናገር ቀላል ነው አለችኝ። የእኔ ቤት በእውነት አያፈስም። ምሳው ሳይነካ ቀዘቀዘ።

አልሄድሁም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ምስር ለቀምሁላት። አመሻሽ ላይ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና ስለዚያ የበረዶ መንገድህ ጠየቀችኝ። ስንት ሰዓት ነው የሚሄደው? በምን ጫማ? አብሮት የሚሄድ ሰው አለ? ሲወድቅ ማን አነሣው? ደብዳቤህን አወጣሁና ያንን ገጽ አነበብሁላት። እንደገና አንብቢው አለችኝ። አነበብሁ። አሮጊቷ ቅቤውን የመለሰችበትን ሦስተኛ ጊዜ አስነበበችኝ። እዚያ ላይ ሳቀች። ሳቋን አልሰማሁትም፤ አየሁት።

ጠዋት ልነሣ ስል ተክለ ጊዮርጊስ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር መጣ። እናትህ መሰላሉን እንዲያወርድ፣ የተረፈውን ምስማርም ቆጥሮ እንዲመልስ ነገረችው። ከጎረቤቶቹ አንዷ ፊቷን አጨማደደች፤ ልጁ ፈረንጅ አገር ሆኖ ጣሪያ አቃተው ማለቷ ነው መሰለኝ። እናትህ አጥሩ ድረስ ሄደች። ፊቷ ወደ እኔ ስለነበረ የተናገረችውን አንድ ፊደል ሳይቀር አነበብሁ፦

«አልቸገረውም። ውሸት ለጥፍ ሲሉት እንቢ ብሎ ነው። ጣሪያዬ ይቆያል።»

ከዚያ ወደ ጎተራው ገብታ አንድ ያረጀ የእህል ሸራ ጎትታ አወጣች። ባዶውን ወገን ለካነው። በሁለት ክንድ ያህል ያጥራል። በሸምሲያ መደብር ጠንካራ ጨርቅ አለ፤ እሱን እንቀጥልበታለን። ሰኔ ሳይገባ ተመልሼ እሄድና እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሷ አንዱን ጫፍ ይዘን እንወጥረዋለን። ቢያፈስም ሥሩ ሳፋ እናኖራለን። አንተ ለክረምቱ አትጨነቅ። ስትደውልላት ግን እውነቱን ንገራት፤ ችላለች።

አምላክ የመንገድህን በረዶ ያለዝብልህ፣ ቃልህን አያለዝብብህ።

አክስትህ የብርጓል